ሽማግሌዎቹ ብርቱካን ይዘው የዞሩ ዕለት

በዚያ እሁድ ሳሎናችን ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ስም ግን አልጠራም። ለእህቴ ቃል ገብቻለሁ፤ ደግሞም እኛ ሰፈር ሰው ስሙ ሳይጠራም ይታወቃል።

አንደኛ አባቴ፤ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከበሩ ትይዩ ባለው ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሁለተኛ እናቴ፤ የኩሽናው በር ላይ ማማሰያ ይዛ ቆማለች፤ አንድ ዓይኗ ድስቱ ላይ፣ አንዱ እኛ ላይ። ሦስተኛ እህቴ፤ በልማዱ መሠረት ሳሎን ውስጥ የለችም፤ ነጠላ ጫማዋ ግን ከመጋረጃው ሥር ይታያል። አራተኛ እኔ፤ ጥግ ላይ፣ በርጩማ ላይ። አምስተኛ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ እህቴን ለጋብቻ ለመጠየቅ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች፤ አንዱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንዱ ላፍቶ እርሻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ አንዱ የለቡ ቤት ደላላ። ስምንተኛም ሰው ነበር። እሱ ዘግይቶ ይገባል፤ በበር ግን አይደለም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ እሁድ ከወራት በፊት እኔ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ለቡ፣ ከታክሲ መያዣው ዝቅ ብሎ «ዲናሞ እንጠቀልላለን» የሚል ታፔላ የተሰቀለበት የቆርቆሮ ቤት አለኝ። የተቃጠለ የወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕና የኮንክሪት ማደባለቂያ ሞተር ይመጣልኛል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተቃጠለ ሞተር እየፈታሁ፣ የሽቦውን ዙር እየቆጠርኩ፣ እየጻፍኩ ነው የተማርኩት። በዚህ ሥራ «ወደ ሰባ ገደማ» የሚባል ነገር የለም፤ ሰባ ሁለት ከሆነ ሰባ ሁለት ነው። አንድ ዙር የዘለለ ሰው ሞተሩን እንደገና ያቃጥላል።

መብራት ሲጠፋ ሥራ የለም። ያኔ ስልኬ ላይ ያወረድኩትን ስለ ሰማይ የሚያወራ ነገር ሁሉ አያለሁ፤ ያልገባኝን ቃል ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከሁሉም ልቤን የወሰዱት ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው። አንድ ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ በራሱ ላይ ሲደረመስ የሚቀረው ነገር ነው፤ ብርሃን እንኳ አንዴ ከገባበት አይወጣም። አንዳንዶቹ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይዞራሉ፤ እየተቀራረቡ ይመጡና በመጨረሻ አንድ ይሆናሉ። ሲዋሃዱ ጠፈሩ ራሱ ይርገበገባል፤ ያንን እርግብግቢት እዚህ ምድር ላይ ሆነው የሚይዙ መሣሪያዎች አሉ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሱቄ እየመጣ ባዶ የሽቦ ጥቅል ላይ ይቀመጣል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ስልኬ ላይ ሳፈጥ፣

«ምንድን ነው እሱ ሁሌ የምታየው?» አለኝ።

እኔ ብዙ አላወራም። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አወራሁ። «አባዬ፣ ወፍጮ ቤት ሁለት ሞተር አብረው ተገዝተው በአንድ ሰው እጅ ከተገጠሙ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከፉሪ ተለቃቅሞ ከመጣ ግን አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ሊዞር ይችላል። ጥንድ ጥቁር ጉድጓዶችም እንደዚያ ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ዛቢያ ይሽከረከራል። ከአንድ ደመና አብረው የተወለዱ ሁለት ኮከቦች ከነበሩ ሽክርክሪታቸው ከሚዞሩበት አቅጣጫ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱም ቀጥ ይላሉ።»

«አብረው ያደጉ ማለት ነው» አለ አባቴ፣ ዓይኑ በርቶ።

«አዎ። የቀሩት ደግሞ...»

በዚህ መሐል አንድ ሰው የተቃጠለ ፓምፕ ተሸክሞ ገባ፤ ወሬው ተቆረጠ። የቀረውን ግማሽ ሳልነግረው አባቴ ወጣ። ሰባ ሁለት ዙር መጠቅለል ሲገባኝ ሠላሳ ስድስቱ ላይ አቆምኩ።

በሳምንቱ የዕድር ስብሰባ ላይ አባቴ ተነሥቶ ተናገረ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። «ሰማይ ላይ እንኳን» አለ፣ ጣቱን ወደ ድንኳኑ ጣሪያ እየቀሰረ፣ «ሰማይ ላይ እንኳን አብረው የተወለዱ፣ አብረው ያደጉ ናቸው ቀጥ ብለው የሚዞሩት! ልጄን ሥሩን ለማላውቀው፣ መንገድ ላይ ለተገኘ ሰው አልሰጥም። ይሄ የእኔ ወሬ አይደለም፤ ሳይንስ ነው።» ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ያን ቀን ማታ አይደለም፣ በማግስቱ ጠዋት ነው እህቴ ጥርሷን እየቦረሸች የያዘችኝ።

«አንተ ዝምተኛ» አለች፣ አረፋው አፏ ውስጥ እንዳለ። «ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ብለህ ኖረህ አንድ ቀን አፍህን ከፈትክ፤ እሱም እኔን ዋጠኝ!»

«ግማሹን ነው የነገርኩት።»

«ግማሹ በቃኝ!»

እህቴ ላፍቶ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የምትወደውን ልጅ ያገኘችው ባለፈው ክረምት ለቡ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲወርድ፣ አንድ ዣንጥላ ሥር። ቀያሽ ነው፤ ፉሪ በሚሠሩት ሕንፃዎች ላይ መሬት ይለካል። አባቴ ሊሰማው ከሚችለው ሁሉ «የታክሲ ሰልፍ» የመጨረሻው ነበር። ስለዚህ እህቴ ሽማግሌዎቹንም እኔንም አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች፤ «አባቴ የሚታወቅ ዘር ይወዳል፤ ስለ ሰልፉ ትንፍሽ እንዳትሉ።» በዚያ እሁድ እሺ ካላሰኘችው ምን እንደሚመጣ ታውቀዋለች። አባቴ አንዴ «አይሆንም» ካለ፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ጭኖ የወጣ ከባድ መኪና ማለት ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም።

ወደ እሁዱ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ቆሙ። አባቴ «ተቀመጡ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ፣ ምላሽ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ መምህሩ፤ እንደ ወጉ።

«እንግዲያው ቁሙ» አለ አባቴ፤ ይሄ ከወጉ ውጭ ነው።

መምህሩ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጠየቁ። አባቴ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «የማን ዘር ነው? ከወዴት ነው?» አለ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እውነቱን ለመናገር ጉሮሮ ማጽዳት ያስፈልጋቸው ነበር፤ ደላላው ግን አላስፈለገውም።

ስለ ደላላው አንድ ነገር ልበል። ደላላ ደንበኛውን «የለም» አይልም። ፀሐይ የሚገባበት ቤት ትፈልጋለህ? አለ። ጥላ ያለው? እሱም አለ፤ ያው ቤት ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራበት አንደበት እሁድ ስለሆነ አያርፍም።

«ጌታዬ፣ የእርስዎው አገር ሰው ነው!» አለ።

አባቴ ቀና አለ። «የእኔ አገር? ከሰሜን ሸዋ?»

«ከዚያው ነው እንጂ!»

መምህሩና የወፍጮ ቤቱ አባባ ተያዩ። ልጁ ቤተሰቡ ከቡታጅራ ወዲያ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ከአፍ የወጣ ቃል እንዴት ይመለሳል?

«የወንዙ ማዶ ሰዎች እንዳይሆኑ?» አለ አባቴ፣ ፊቱ እየፈካ።

«የወንዙ ማዶ! ልክ ነዎት!»

«ያ ፈረሰኛው የወለደው አንድ ረጅም ሰው ነበር፤ የእሱ የልጅ ልጅ ነው?»

«ረጅሙ! እንዴታ!»

«ታዲያ የፈረሰኛው አባት አንድ ዓይናው ነዋ!»

«አንድ ዓይናው እንጂ!» አለ ደላላው፤ ራሱም በደስታ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።

አባቴ ጣቶቹን አየ። ይቆጥር ነበር። እኛ ዘንድ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከሰባት በታች ዘር ከተገናኘ ወንድምና እህት ናቸው፣ አለቀ። እኔም በልቤ ቆጠርኩ። ልጁ፣ አባቱ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት፣ ፈረሰኛው ሦስት፣ አንድ ዓይናው አራት።

የአባቴ ፊት ቀስ ብሎ ጠቆረ።

«አንድ ዓይናው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአያቴ አባት ነው።»

ከመጋረጃው ሥር አንዱ ነጠላ ጫማ ተንቀሳቀሰ። እናቴ ማማሰያውን ዝቅ አደረገች።

«በአራተኛው ቤት ተገናኙ! ለገዛ ወንድሟ ልትድሯት መጣችሁ?»

የደላላውን ፊት ያኔ ያየ ሰው ይመስክር። ቤቱን በጣም ከማጋነኑ የተነሣ ባለቤቱ «እንግዲያው አልሸጠውም» ያለበትን ደላላ ይመስላል። አባቴ ቆሞ ነበር፤ እጁ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ የእህቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። እንደማታለቅስ አውቃለሁ፤ እሷ ስትናደድ ነው ትንፋሿ የሚሰማው፤ የምትናደደውም በእኔ ነው።

ተነሣሁ።

«አባዬ» አልኩ። «ያን ቀን ግማሹን ነው የነገርኩህ።»

«የምኑን ግማሽ?»

«የጥቁር ጉድጓዱን።»

«አሁን?!» አለች እናቴ።

ጠረጴዛው ላይ እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠችው ብርቱካን ነበር፤ አራት። ሁለቱን አነሣሁ፤ እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች ለመውጋት ስቴኪኒው ስላጠረኝ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሰካሁባቸው። አንዱን ለመምህሩ፣ አንዱን ለወፍጮ ቤቱ አባባ ሰጠሁ። ሽማግሌ ተስፋ ሲቆርጥ የሰጡትን ይቀበላል።

«በዚህ ስቴኪኒ ይዛችሁ በጣታችሁ አሽከርክሩት። እናንተ ደግሞ ጠረጴዛውን ዙሩ፤ አንዳችሁ በዚህ፣ አንዳችሁ ትይዩ።»

«እንዙር?» አሉ መምህሩ።

«ቆመናል፣ ከመቆም መዞር ይሻላል» አሉ የወፍጮ ቤቱ አባባ፤ ጀመሩም።

ዞሩ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ፣ ብርቱካን እያሽከረከሩ ጠረጴዛችንን ዞሩ። ደላላው ለእነሱ ቦታ ሊለቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«አሁን የሁለቱም ስቴኪኒ ወደ ላይ ነው። ይሄ አብረው የተወለዱት ነው፤ ይሄን ነግሬሃለሁ። አባባ፣ የእርስዎን ያጋድሙት።» አባባ አጋደሙት። «እንደዚህ ያሉም አሉ። ኮከብ በሚበዛበት ሰፈር፣ እንደ ገበያ በተጨናነቀበት፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ መጥተው የተጠማመዱ ናቸው። ሽክርክሪታቸው አይገጥምም። አንዱ ቀጥ ይላል፣ አንዱ ይጋደማል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይገለበጣል።»

አባባ ወዲያው ገለበጡት።

«ታዲያ?» አለ አባቴ። ተቆጥቷል፤ ግን ብርቱካኑን እያየ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲሰማ የኖረ ሰው የሚዞር ነገር ሲያይ ዓይኑን አይነቅልም።

«ታዲያ ሁለቱም ይዋሃዳሉ። እንዴት እንደተገናኙ ነው ሽክርክሪቱ የሚናገረው፤ የትኛው ጥንድ እንደሚሻል አይናገርም። እሱን አንተ ነህ የጨመርከው።»

አባባ ከነብርቱካናቸው ቆሙ። አባቴን እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም። መምህሩ ብቻ መዞራቸውን አላቆሙም።

«ደግሞ» አልኩ፤ ከጀመርኩ አይቀር፣ «አንድን ጥንድ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የሚነበበው ግምት ነው። አብሮ የተወለደውም ኮከብ ሲፈነዳ ተገፍቶ ሊጋደም ይችላል። ብዙ ጥንድ ተሰብስቦ ነው ነገሩ የሚለየው፤ አዋቂዎቹም ገና እየተከራከሩበት ነው።»

«እነዚህስ?» አለ አባቴ ወደ መጋረጃው እያመለከተ። «ከየትኛው ናቸው?»

የነጠላ ጫማዎቹ ጫፍ ወደ እኔ ዞረ። ትንፍሽ እንዳልል ቃል ነበረብኝ። ግን አንድ ዓይናው ሰውዬ መሐላቸው ቆሟል፤ ከሰልፉ በቀር የሚያስወጣው የለም።

«ከተጨናነቀው ሰፈር» አልኩ። «ለቡ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የተገናኙት። ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ ሲጥል። የእሱ ዣንጥላ ሥር። ልጁ የአገርህ ሰው አይደለም፤ ቤተሰቡ ከቡታጅራ ወዲያ ናቸው። አንድ ዓይናውንም አያውቁትም።»

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል አንድ ድምፅ፣ ቀጭን ሆኖ፣

«ዣንጥላው የሷ ነበር» አለ።

ሁላችንም ወደ ደላላው ዞርን። ድምፁ የመጣው ከኮቱ ነው። ደላላው የደረት ኪሱን እሳት እንደያዘው ሰው መታው።

«ማነው የተናገረው?» አለ አባቴ።

ዝም።

«ኪስህን ነው የምጠይቀው!»

«እኔ ነኝ አባቴ» አለ ኪሱ። «ይቅርታ። ዣንጥላ አልነበረኝም። የሷ መሆኑ እንዲታወቅ ብዬ ነው።»

ስምንተኛው ሰው በዚህ መንገድ ገባ። ለካ ደላላው በር ላይ ሳለ ደውሎለት ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከትቶታል፤ ልጁም ከታች ኮብልስቶኑ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አንድ ዓይናውን ጨምሮ ሁሉንም ሰምቷል።

አባቴ ወደ ደላላው ተጠጋ፤ ጎንበስ ብሎ ለኪሱ ተናገረ። ደላላው አገጩን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጎ ቆመ፤ ሐኪም እንደሚመረምረው ሰው።

«የማን ልጅ ነህ?»

ልጁ አባቱን ጠራ። አያቱን ጠራ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ጠራ። አባቴ በየስሙ ጣቱን አጠፈ። ፈረሰኛም አልነበረም፣ አንድ ዓይናም አልነበረም።

«አምስተኛው?»

«አላውቅም አባቴ።»

«ሰባት ቤት ሳትቆጥር ሽማግሌ ላክህ?»

«አንድ ስም ጥራ ዝም ብለህ!» አለ ደላላው በከንፈሩ ጥግ፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ አባቴ አፍንጫው ሥር።

«አልጠራም» አለ ኪሱ። «ሳልለካ አልናገርም። አባቴ ጋ ደውዬ ልጠይቅና ልመለስ።» ተዘጋ።

አባቴ ቀና ብሎ ደላላውን አየው። «እሱ የማያውቀውን አንተ አወቅክለት?»

«ጌታዬ፣ ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

«አየሁ። ዓይን ሳይቀር ጨፈንክ።»

ስልኩ ተመልሶ እስኪደወል አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ፤ የግድግዳውን ሰዓት አይቻለሁ። በዚህ ጊዜ የወፍጮ ቤቱ አባባ ስቴኪኒዎቹን ነቅለው ብርቱካናቸውን መላጥ ጀመሩ።

«ኧረ አባባ!» አሉ መምህሩ በሹክሹክታ። «ምላሽ ሳናገኝ ምግብ እንቀምሳለን?»

«ምግብ አይደለም» አሉ አባባ፣ አንዱን ፈልፍለው እየጎረሱ። «ትምህርት ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ አመለጠ። እህቴ አልሳቅኩም ትላለች።

ስልኩ ደላላው ኪስ ውስጥ ጮኸ። ልጁ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን ጠራ። አባቴም የእኛን ከላይ እስከ ታች ጠራ። ሁለቱ መስመሮች የትም አልተገናኙም። አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ፤ ወደ እኔ ዞረ።

«እነዚያ ገበያ ላይ የተገናኙት» አለ፣ «ሲዋሃዱ እርግብግቢቱ ያንሳል?»

«በዚያ ምክንያት አያንስም።»

«እርግጠኛ ነህ? ግማሹን አይደለም?»

«ሙሉውን ነው።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ «ተቀመጡ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። ደላላው ከሁሉም ቀድሞ። መምህሩ ሊቀመጡ ሲሉ ብርቱካኑ እጃቸው ላይ እንዳለ አስታወሱና ወደ ሳህኑ መለሱት፤ ስቴኪኒዎቹ እንደተሰኩ፣ ቀጥ ብለው። አባቴ ወደ ደላላው ኪስ፣ «አንተም ውጣና ና፤ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ዣንጥላ የለህም» አለ። መጋረጃው ራሱ ተከፈተ።

እኔ በማስታውሰው ልክ ይሄ ነው። ግን ጥግ ላይ ነበርኩ፤ ከጥግ ሁሉም አይታይም። ስለዚህ የነበራችሁ ሁሉ የጎደለውን ሙሉልኝ። እማዬ፣ ማማሰያው በየትኛው እጅሽ ነበር? አባዬ ያን ቃል ከማለቱ በፊት ፈገግ ብሏል ወይስ ጥላ ነው ያየሁት? መምህር፣ እርስዎ የዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ይመስለኛል፤ አባባ ግን አይደለም ይላሉ። ከአራቱ ብርቱካን በማግስቱ ያገኘሁት ሁለት ነው፤ አንዱን አባባ በሉት፣ ሌላውን ማን ወሰደው? እህቴ፣ ሳቁን በተመለከተ ያለሽን ጻፊ፤ እኔ ግን የሰማሁትን አልሰርዝም። ቀያሹ መኪና ውስጥ ሆኖ የሰማውን ብቻ ይጨምር፣ አየሁ አይበል። ለደላላውም ግማሽ ገጽ ትቼለታለሁ፤ ያልነበረ ሰው ግን እንዳያስገባብኝ፣ በተለይ አንድ ዓይና።